የተሰበረው ክንድ ሁለት ፊት

መካኒኩ መሸሻ በጎባ ችሎት ፊት ቆሞ የገዛ አፉ ሲመሰክርበት ሰማ።

«ተከሳሹ ሮቤ ገበያ መካከል፣ ሰው እየሰማ፣ ሟቹን ‹ይህን መኪና ሁለተኛ እንዲህ ጭነህ ብትመጣ በእጄ ነው የምሰብርልህ› ብሎታል ወይስ አላለውም?» ብሎ ጠየቀ ዐቃቤ ሕጉ።

«ብሎታል» አለ ምስክሩ፣ የመኪናው ባለቤት አቶ በየነ። «በዘጠነኛው ቀን ተሰበረ።»

ውሸት የለበትም። ብሎታል። ሟቹ ሾፌር ዘይነዲን ከጎሮ ስንዴ ከልክ በላይ ጭኖ፣ የመኪናው ሆድ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አይቶ ነው መሸሻ ከጋራዡ ወጥቶ የጮኸበት። ዘይነዲን ደግሞ መስኮቱ ላይ ክንዱን አስደግፎ፣ «ብትሰብረውም የምትጠግነው አንተው ነህ፣ እኔ ምን ቸገረኝ!» አለው። ገበያው ሳቀ። መሸሻም መጨረሻ ላይ ስቋል። ሳቁን የሚመሰክርለት ግን አልተገኘም።

በዘጠነኛው ቀን ዘይነዲን ከጎሮ ወደ ሮቤ ሲመጣ መሪው እጁ ላይ ላላበት። መኪናው ድልድዩን ስቶ ወንዝ ገባ። ዘይነዲን ብቻውን ነበር፤ ሰው ሲደርስለት ነፍሱ ወጥታለች።

የተሰበረው የመሪው ክንድ ነው። መሪው ሲዞር ጎማውን ይዞ የሚያዞር፣ ከክርን እስከ መዳፍ የሚሆን ወፍራም ብረት። አንደኛው ስባሪ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የተሰበረበት ፊት ግማሹ እንደ ጭቃ ጠቁሯል፤ ግማሹ እንደ አሞሌ ጨው ያብለጨልጫል።

«ጥቁሩ አስቀድሞ በመጋዝ የተቆረጠው ነው» አለ መርማሪው ፖሊስ። «ነጩ በመጨረሻ የተገነጠለው ነው።»

ይህ ለማንም ይገባል። መጋዝ ከሆነ አስቦ መግደል ነው፤ አስቦ ለገደለ ደግሞ ገመድ አለ። ዳኛው ግን ችኩል ሰው አልነበሩም። ነገሩ ግድያ ይሁን ሌላ ገና አልለየም ብለው በሁለት ዋስ ለቀቁት።

መሸሻ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልበላ አለው። መጋዝ እንዳላነሣ ያውቃል። ያ ጥቁር ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ብረት ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ የብረት ሆድ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። መኪናውን ከነኩት እጆች ሁሉ ደግሞ የመጨረሻው የእሱ እጅ ነበር።

ከሁለቱ ዋሶች አንዱ ፍስሐ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦ ጎባ ፊዚክስ የሚያስተምር ወጣት።

«ጋሽ መሸሻ፣ ገብረ መድኅን የሚባል ጓደኛ አለኝ» አለው። «እንግሊዝ አገር ስለ ብረት ነው የሚማረው። በቅርብ የወጣ መሣሪያ አላቸው፣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይሉታል። የተሰበረን ብረት ፊት ሺህ ጊዜ፣ ሁለት ሺህ ጊዜ አጉልቶ ፎቶ ያነሣል። መጋዝ የነካው ከሆነ የመጋዙ ጥርስ መንገድ ይታያል።»

«ካልነካውስ?»

«ያልነካው መሆኑ ይታያል።»

«እንግዲያው ላከው። ምን ትጠብቃለህ?»

ዳኛው አራት ወር ፈቀዱ። ዐቃቤ ሕጉም «ባሕር ማዶ ድረስ ሄዶ ጥፋተኛ ከሆነ ምን ከፋኝ» ብሎ አልተቃወመም።

በአምስተኛው ቀን ስባሪውን ሊረከቡ የፍርድ ቤቱ ኤግዚቢት ክፍል ሄዱ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ አያሌው የታወቁ ንጹሕ ሰው ናቸው። ብረቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። ፍስሐ ጨርቁን ገለጠና ደነገጠ። ጥቁሩም ነጩም የለም። ፊቱ ዙሪያውን እንደ ብር ማንኪያ ያበራል።

«አቶ አያሌው፣ ምን አደረጉት?»

«ዝጎ ነበር እኮ ልጄ» አሉ ኩራት ብሏቸው። «ባሕር ማዶ ይሄዳል ሲባል ሰማሁ። የጎባ ፍርድ ቤት ዕቃ በዝገት ፈረንጅ ፊት ይቀርባል? በአመድና በሎሚ ሦስት ቀን ሙሉ ፈተግሁት።»

መሸሻ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። አቶ አያሌው አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን እያዩ «ቀረ እንዴ? ትንሽ እዚህ ጋ ቀርታ ነበር፣ ልጨርሰው?» ይሉ ነበር።

ፍስሐ ብረቱን መልሶ እየጠቀለለ «ስብራት እኮ ሁለት ፊት አለው» አለ። «ሌላው ስባሪ የት ነው?»

መሸሻ የት እንዳለ ያውቃል። ያልተናገረውም ስለሚያውቅ ነው። አስከሬኑን ያነሡት ሰዎች ሌላውን ስባሪ ከዘይነዲን ልብስ ጋር ጠቅልለው ጊኒር፣ ለሚስቱ ለዙህራ ወስደውላታል። ወንድሞቿ የደም ምስክር ነው ብለው አስቀምጠውታል። በአገሩ ልማድ ደግሞ ደም የተጠረጠረበት ሰው ሽማግሌ ሳይገባበት የሟች ቤተሰብ ፊት አይታይም። ከታየ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል።

ጊኒር ሲደርሱ ሐጂ ጠይብ የሚባሉ የአገሩ ሽማግሌ ቀድመው ወደ ዙህራ ግቢ ገቡ። መሸሻና ፍስሐ ከግቢው ውጭ፣ አጥሩ ሥር ቆሙ። የዙህራ ሁለት ወንድሞች በሩ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ሰላምታም ሳይሰጡ መሸሻን ያዩታል። ታናሹ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ። መሸሻ ኦሮምኛ እንደ አማርኛው ስለሚሰማ፣ የተባለው ገባው፤ አንገቱን ደፋ።

ዙህራ ራሷ ወጣች። መሸሻ ስንት ጊዜ በእጇ በልቷል። ከቁመቷ ግማሹን ሐዘን የወሰደው መሰለው።

«እቴ ዙህራ…»

«እቴ አትበለኝ።»

«እሺ።»

«ሐጂ የነገሩኝ እውነት ነው? ብረቱ ይናገራል?»

«መምህሩ ይናገራል ይላል።»

«አንተ ላይ ቢናገርስ?»

መሸሻ ወንድሞቿን አየ። «እንግዲህ ይናገራ» አለ። «እኔም ሳላውቅ መኖር አልቻልሁም።»

ዙህራ ተመልሳ ገባች። የገብስ ጎታዋ ውስጥ እጇን እስከ ብብቷ ሰድዳ ስባሪውን አወጣችው። እህል ውስጥ የኖረ ብረት አይዝግም ብላ ነው እዚያ የቀበረችው። ሳትጠርገው፣ ከያዘው ገብስ ጋር በጨርቅ ቋጠረችና ለሐጂ ሰጠች። ሐጂ ለመሸሻ አቀበሉት።

ጥቁሩም ነጩም እንዳለ አለ። ከጎኑ አንዲት ሰረዝ ተቀርጻበታለች። መሸሻ በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። የእሱ ምልክት ነበረች። አባቱ ከብቶቻቸውን በሁለት ሰረዝ ይተኩሱ ነበር። መሸሻም ጋራዥ ሲከፍት ያንኑ ምልክት ወደ ብረት አመጣው። በየመንገዱ ደህናውን ብረት ፈትቶ አሮጌ የሚገጥም ሌባ ስለበዛ፣ የሠራውን መኪና ሁሉ መሪ ክንድ በመሮ ሁለት ጊዜ ይመታዋል። «ከብትም ያለ ምልክት አይሰማራም» ይላል። ከጊኒር እስከ ዶዶላ ያለ ሾፌር ይህን ምልክት ካላየ አይነዳም ነበር።

ሁለት ሰረዝ መሆን ነበረበት። አሁን የምትታየው አንዷ ናት። ሌላዋ ከስብራቱ ጋር ሄዳለች። መሸሻ ይህን አየና ጨርቁን ቶሎ ቋጠረው።

ስባሪው ወደ ገብረ መድኅን ተላከ፤ መልሱ የመጣው በየካቲት ነው። ፍስሐ ወደ ጋራዡ መሄድ ፈርቶ፣ መሸሻን ትምህርት ቤት አስጠራው። ባዶ ክፍል ውስጥ ሁለት ገጽ የእንግሊዝኛ ሪፖርት፣ ሦስት ትልልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች፣ አንድ ደግሞ የገብረ መድኅን የአማርኛ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀው።

«መጋዝ የለበትም!» አለ ገና መሸሻ ሳይቀመጥ። «ነፃ ነዎት። አልነገርኩዎትም?»

መሸሻ የመጀመሪያውን ፎቶ አነሣ። የታረሰ ማሳ መሰለው፤ ጠባብ ጠባብ ትልም፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ፣ ዳር እስከ ዳር።

«ይህ ብረት ነው?»

«የፀጉር ውፍረት ከማይሞላ ቦታ የተነሣ ነው። መሣሪያው በብርሃን አያይም። አየሩን መጥጠው ባወጡበት ዕቃ ውስጥ፣ የኤሌክትሮን ጨረር እንደ ዓይነ ስውር ጣት መስመር በመስመር ይዳስሰዋል፤ የተዳሰሰው በመስታወት ላይ ምስል ሆኖ ይወጣል። እያንዳንዷ ትልም ስንጥቁ አንድ ጊዜ የተራመደባት ናት። መኪናው ሲጫን፣ መሪው ሲዞር፣ ጉድጓድ ሲገባ፣ በጥቂቱ፣ በጥቂቱ። ጥቁሩ ይኸው ነው። ወራት የፈጀ ስንጥቅ። ድካም ይሉታል፤ ብረት ይደክማል።»

መሸሻ ትንፋሹን ለቀቀ። ከዚያ ሁለተኛውን ፎቶ ሳበ። እዚህኛው ላይ ትልሞቹ እንደ ማራገቢያ ከአንድ ቦታ ነው የሚነሡት። መነሻው ጠርዝ ላይ ያለች፣ ቁልቁል የተጫነች ገደል ናት።

«ይህችስ?»

ፍስሐ ሪፖርቱን ማገላበጥ ጀመረ።

«መምህሬ፣ ይህች ምንድን ናት?»

«ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው ያለው።»

«አንብብልኝ።»

«ጋሽ መሸሻ፣ ፍርድ ቤቱ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ተጋዟል ወይስ አልተጋዘም። እሱን የሚመልሰው አንደኛው ገጽ ነው። እኔ አንደኛውን ብተረጉም ማንም…»

«አንብብልኝ አልኩህ።»

ፍስሐ ሳያነብ ተናገረ። «ሸማ ሻጭ ጨርቅ ሊቀድ ሲል ጠርዙን በመቀስ ነካ ያደርግ የለ? ከዚያ በኋላ በእጁ ይተረተርለታል። ስንጥቁ የተነሣው ከመሮ ምት ነው። በብረቱ ጠርዝ ላይ ከተመታች ሰረዝ።»

መሸሻ ፎቶው ላይ ያለችውን ገደል በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። ውጭ ተማሪዎች ኳስ እያሳደዱ ይጮኻሉ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው መሰለ።

«ዘይነዲን ራሱ ነበር የለመነኝ። ‹ምልክትህን ሳትመታበት የባሌን አገር አላቋርጥም› ብሎ። ጠበቅ አድርጌ መታሁለት። ጓደኛዬ ነዋ።»

«አላወቁም።»

«አላወቅሁም። ግን እኔ ነኝ።»

«ጋሽ መሸሻ፣ ይስሙኝ። ሟቹ አይመለስም። ይህን ገጽ እዚህ አገር የምናውቀው እኔና እርስዎ ብቻ ነን። ቢናገሩ በቸልተኝነት ሊያስሩዎት ይችላሉ፣ የዙህራ ወንድሞችም…»

መሸሻ አልሰማውም። በጣቶቹ ይቆጥር ነበር። የሠርከአዲስ መኪና። የጎሮው አውቶቡስ። ሼክ ሁሴን ተሳላሚ የሚያመላልሱት ሁለቱ። የወፍጮ ቤቱ። ጣቱ አለቀና እንደገና ጀመረ።

«አርባ ሦስት» አለ። «አርባ ሦስት መኪና ላይ መትቻለሁ። አሁን እኔና አንተ እዚህ ቁጭ ብለን ሳለን ሰው ጭነው እየሄዱ ነው።»

ፍስሐ ሪፖርቱን ሰበሰበ። ዳግመኛ ስለ ሁለተኛው ገጽ አልተነጋገሩም።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። ዙህራ ከወንድሞቿ ጋር ከኋላ ተቀምጣለች። የችሎቱ ጸሐፊ ፎቶዎቹን ተቀብሎ ሳያይ አንዱን ከላይ አድርጎ ለዳኛው አቀረበ። ዳኛው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወዲያው ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«ይህ ምን የሚሉት አውሬ ነው?»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እሱ ነቀዝ ነው» አለ ፍስሐ ፊቱ ቀልቶ። «ከብረቱ ጋር በገብስ ውስጥ ሄዶ፣ ጓደኛዬ አብሮ አነሣው። ብረት በራሱ ይነሣል፤ ነፍሳት ግን ለመሣሪያው እንዲታይ በስሱ ወርቅ ይቀባል።»

«ወርቅ?»

«አዎን ጌታዬ።»

«መንግሥት በነቀዝ ላይ ክስ አልመሠረተም» አለ ዐቃቤ ሕጉ። «የተከበረ ነቀዝ ቢሆንም።»

ሳቁ ገና ሳይነሣ ከኋላ ድምፅ መጣ። «ወላሂ የኔ ገብስ ነቀዝ የለውም!» ዙህራ ሳታውቀው ተነሥታ ቆማለች። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አፏን በሻሿ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ መለየት አልተቻለም። ወንድሟ ይዞ አስቀመጣት።

ፍስሐ አንደኛውን ገጽ ተረጎመ። ዳኛው ትልሞቹን ደጋግመው አዩ፣ ፖሊሱን ጠየቁ፣ ዐቃቤ ሕጉን ጠየቁ። በመጨረሻ «መጋዝ አልነካውም። የግድያው ክስ ወድቋል» አሉ። ከግራም ከቀኝም «እልል» የሚል ተሰማ። አቶ አያሌው በር ላይ ቆመው አማተቡ።

«ጌታዬ፣ ሁለተኛ ገጽ አለው» አለ መሸሻ።

እልልታው ተቋረጠ። መሸሻ ፎቶውን ራሱ አንሥቶ ማራገቢያውን፣ መነሻዋን ገደል፣ የመሮውን ምት በጣቱ አሳየ። ቃል አላስረዘመም። እንዴት እንደመታው፣ ለምን እንደመታው፣ ስንት ላይ እንደመታ ተናገረ። ችሎቱ ውስጥ ያሉ ሾፌሮች እርስ በርስ ተያዩ። አቶ በየነ ብድግ ብሎ «እኔ ሁለት መኪና አለኝ! ሁለቱም ላይ አለ!» ብሎ ጮኸ።

«እንግዲህ ይህ ቸልተኝነት መሆን አለመሆኑን ችሎቱ ይመረምራል» አሉ ዳኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የምትጠይቀው አለህ?»

«አንድ ወር፣ ጌታዬ። ምልክቴን ከየመኪናው ልፍቀው። ከዚያ ከታሰርሁ ልታሰር።»

«ይጠፋል» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለ ፍስሐ።

አንድ ወር ተፈቀደለት።

ግቢው ውስጥ ሰዉ መንገድ እየለቀቀለት፣ ግን እየራቀው ወጣ። ዙህራ በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። ወንድሞቿ አልተንቀሳቀሱም።

«ስንት ወር ነው የሄደው፣ ስንጥቁ?» አለችው።

«ሰባት ወር ያህል ይሆናል ብለው ገምተዋል።»

«በዚያ መሀል እኔንና ልጆቼን ሼክ ሁሴን ወስዶ መልሶናል።»

መሸሻ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ይቅር አላልኩህም» አለች። «የደሙን ነገር ከሐጂ ጋር ትጨርሱታላችሁ። ያ ሌላ ነው። ጊኒር ያሉትን መኪኖች ግን እኔ እነግራቸዋለሁ። አንተ ብትነግራቸው ይስቁብሃል። እኔን ሲያዩ ይቆማሉ።»

እንዳለችውም፣ ሮቤ ላይ ሳቁበት። በማግሥቱ ጠዋት ከጎባ በሚመጣው መንገድ መሀል ቆሞ ላምባ፣ ጠመኔና ሞረድ ይዞ መኪና ጠበቀ። መጀመሪያ የመጣው ሠርከአዲስ ነው፤ ዶዶላ ሊወርድ ድንች ጭኖ፣ ከላይ አሥር ያህል ሰው አሳፍሮ። ጡሩንባውን እየነፋ አላቆምም አለ።

«በጃንሆይ አምላክ ቁም!» አለ መሸሻ እጁን ዘርግቶ።

በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው አያልፍም። ፍሬኑ ጮኸ። ሠርከአዲስ አንገቱን አወጣ።

«ምን ሆነሃል? ሰው በነፃ ተለቀቀ ሲሉኝ አበደ ማለታቸው ነው እንዴ?»

«ውረድ። ምልክቴን ልፈቅ ነው።»

«አይነካም! ሦስት ዓመት የነዳሁት በእሱ ነው። ስፈራ እጄን ሰድጄ እዳስሰዋለሁ፣ ታውቃለህ? እሱ ነው ያኖረኝ።»

«ሠርኬ፣ ሞተሩን አጥፋ።»

ከላይ ያሉት «ያድርግ እንግዲህ፣ ቶሎ ይበልና እንሂድ» ብለው አጉረመረሙ። መሸሻ ጭቃው ላይ በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። ግራሶውን ጠረገ፤ ሁለቱ ሰረዞች ጎን ለጎን ታዩት፣ የዛሬ ሦስት ዓመት እጁ እንደተዋቸው። ለዓይን ደህና ናቸው። ሞረዱን አላነሣም። ገብረ መድኅን በደብዳቤው ግርጌ የጻፈለትን አደረገ፤ ላምባውን ቀባ፣ ጥቂት ጠብቆ በጨርቅ አደረቀው፣ ጠመኔውን ፈጭቶ ነዛበት። ብረቱ ነጭ ሆነ። ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ላምባ መልሶ ይተፋዋል ብሎታል።

ሠርከአዲስ በጉልበቱ ተንበርክኮ አጎንብሶ ያያል። «በቃ ነጭ ነው። ምንም የለም። ምን ይፈልጋል…»

«ዝም በል።»

ከታችኛው ሰረዝ ጫፍ አንዲት እርጥብ ነጥብ ወጣች። ቆመች። ከዚያ ጠመኔው ላይ ቀስ ብላ፣ እንደ ክር ቀጥና፣ ብረቱን ዙሪያውን መሄድ ጀመረች። አንድ ጣት። ሁለት ጣት።

ሠርከአዲስ መስመሯን በዓይኑ እስክትቆም ተከተላት። ከዚያ ተነሣ፤ ከመኪናው ጎን ሄዶ፣ ከላይ የተቀመጠችውን ሕፃን ያዘለች ሴት ለማውረድ ሁለት እጁን ዘረጋ።